ጀርመን አገር ከሕፃናት ጋር አንድ ዓመት፦ ወዳጅ ማፍራትና ደስ ብሎ ማገልገል

ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ጀርመን የሚሄድ ወጣት ወራቱን የሚጨርሰው ወረቀት በማሟላት ነው፤ ፓስፖርት፣ የቋንቋ ፈተና፣ የጤና ምርመራ፣ የቪዛ ቀጠሮ። ሁሉም ተሳክቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስለሚጠብቀው ኑሮ ግን የሚነግረው ሰው እምብዛም አያገኝም። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ሲንጫጩበት ይውልና ማታ ክፍሉ ሲገባ “እንዴት ዋልክ?” የሚለው የለም። ከልጆቹ ጋር ያለው ፍቅር ብቻውን ዓመቱን ያሻግረኛል ብሎ የሄደ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ይህ መመሪያ ጀርመኖች ኪታ በሚሉት መዋእለ ሕፃናት አንድ ዓመት ለማገልገል ለምታስቡ ነው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ በቅድሚያ ለራሳችሁ የዕድሜ እኩዮች ወዳጅ ፈልጉ፤ ከሕፃናቱ ጋር ያለው ደስታ ያኔ ይከተላል። ናፍቆቱንና ብቸኝነቱን ይዞ ሕፃን እቅፍ ውስጥ የሚሸሸግ ትልቅ ሰው ለሕፃኑ ሸክም ይሆናል። ሌላ ሰው ጋር ተጫውቶ፣ ስቆ፣ ሆዱ ቀሎት ያደረ ሰው ግን ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ ልጆቹ ሮጠው ይመጡለታል።

መንገዱን ማወቅ

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርናን ስታቆም አንድ ክፍተት ተፈጠረ። መሣሪያ አንይዝም ያሉ ወጣት ወንዶች በውትድርናው ምትክ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በመሳሰሉት ያገለግሉ ነበርና ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ቀረ። ክፍተቱን ለመሙላት የመጣው ቡንደስፍራይቪሊገንዲንስት የተባለው የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ቬልትቬርትስ የሚባል ሌላ መርሐ ግብርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የጀርመን ወጣቶችን ወደ ታዳጊ አገሮች ይልክ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን በተቃራኒው አቅጣጫም በሩን ከፍቷል። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 28 የሆኑ ወጣቶች ጀርመን ሄደው ያገለግሉበታል።

በጎ ፈቃደኞችን ከሚቀበሉት መካከል ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ የጀርመን ቀይ መስቀልና አርባይተርቮልፋርት ይገኙበታል። ትሬገር የሚባለው ኃላፊ ድርጅት የማኅበራዊ ዋስትናችሁንና የጤና ኢንሹራንሳችሁን ይከፍላል፤ ለእናንተም የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። የኪስ ገንዘብ ደመወዝ አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ልባችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ከ27 ዓመት በታች ከሆናችሁ ደግሞ በአንድ ዓመት አገልግሎት ውስጥ 25 የሴሚናር ቀናት አሏችሁ። ስለ ሴሚናሩ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ፤ ወዳጅ ለማግኘት ከእሱ የተሻለ በር አላውቅም።

በቬልትቬርትስ የሚሄድ ሰው የጉዞ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የኢንሹራንስ ወጪው ይሸፈንለታል። ስለዚህ “ጀርመን የበጎ ፈቃድ ቦታ አለኝ፣ ይህን ያህል ብር ክፈሉ” የሚል ደላላ ሲያጋጥማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ከድርጅቱ ጋር በቀጥታ ተጻጻፉ፤ ውሉን በእጃችሁ ያዙና የምታገለግሉበትን ኪታ ስምና ከተማ እዩበት። ኦ-ፔር የሚባለውም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ የዚያን ቤት ልጆች መጠበቅ ሲሆን ውሉም ሕጉም የተለየ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሁለት ወረቀቶችን አስቀድማችሁ ያዙ። አንደኛው የክትባት ማስረጃ ነው። ጀርመን ውስጥ ከመጋቢት 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኩፍኝ መከላከያ ሕግ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ የተወለደ ማንኛውም ሰው ኪታ ውስጥ ለመሥራት የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ወይም በሽታውን የመቋቋም አቅም እንዳለው በማስረጃ ማሳየት አለበት። የልጅነት የክትባት ካርዳችሁ ጠፍቶ ከሆነ እዚህ ሳላችሁ ሐኪም ጠይቁ። ሁለተኛው ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ያለ እሱ አይገባም።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን ጎተ ኢንስቲትዩት ታውቁታላችሁ። ኮርሱን ውሰዱ፤ ግን የኮርሱ መጽሐፍ ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ሆቴል ሲያስተምራችሁ እናንተ በጎን የሕፃናትን ጀርመንኛ አጥኑ። አፍንጫ ለመጥረግ፣ ጫማ ለማሰር፣ “የት ጋ ነው ያመመህ?” ለማለት፣ “ቁም!” ብሎ ወደ መንገድ የሚሮጥን ልጅ ለማስቆም፣ የተጣሉ ሁለት ልጆችን ተራ በተራ ለማናገር የሚያስፈልጉትን ቃላት ያዙ። ለሦስት ዓመት ልጆች የሚነበቡ የሥዕል መጻሕፍት ለዚህ እጅግ ጥሩ ናቸው። ሕፃናት ሰዋስው አይጠይቁም፤ ሲያርሙም አያሳፍሩም። ከእነሱ ጋር ያለው ቋንቋ ከማንም አስተማሪ በፍጥነት ይገባል።

ሦስተኛው ዝግጅት ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። አውሮፓ የገባ ሁሉ ገንዘብ ይልካል ተብሎ ይጠበቃል። እናንተ ግን ክፍላችሁና ቀለባችሁ ተሸፍኖ፣ ለአውቶቡስ፣ ለስልክና ለትንሽ መዝናኛ የሚሆን የኪስ ገንዘብ ነው የምታገኙት። ይህን እናትና አባትን፣ ታላቅ ወንድምን፣ አክስትን አስቀምጣችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በግልጽ ንገሯቸው፤ “አንድ ዓመት አገለግላለሁ፣ ቋንቋና ሙያ አገኛለሁ፣ ገንዘብ ግን አልልክም” በሏቸው። ይህን ሳይናገር የሄደ ሰው ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይጨነቃል። ለወዳጅነት የሚሆነውን ቡና ሃምሳ ጊዜ አስቦ ይተወዋል፤ ወይም ሌላ ሥራ ፍለጋ ይገባና ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ንግግሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤታችሁ ተቀምጦ መናገሩ ግን በስልክ ከመናገሩ ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ይሉኝታን ለጊዜው ማስቀመጥ

እኛ ጨዋነት ብለን የተማርነው ብዙ ነገር እዚያ ሰውን ያርቅብናል። ለምሳሌ የሥራ ባልደረባችሁ “ቡና ትፈልጋለህ?” ብላ ትጠይቃለች። እኛ ቤት የመጀመሪያው መልስ “አይ፣ ይቅር” ነው፤ ጋባዡ ይለምናል፣ በሦስተኛው እንቀበላለን። እሷ ግን “አይ” ማለትን እንደ “አይ” ትወስደዋለች፤ ዳግም አትጠይቅም። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም እሷ “ብቻውን መሆን ይፈልጋል” ትላለች፤ እናንተ ደግሞ “እነዚህ ሰዎች ሰው አይጋብዙም” ትላላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ጥያቄ “እሺ፣ አመሰግናለሁ” በሉ። ባትጠጡትም እንኳ ቁጭ በሉ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ያልገባችሁን ነገር “ገብቶኛል” አትበሉ። ሽማግሌ ፊት፣ አለቃ ፊት ራስ ነቅንቆ “እሺ” ማለት ለእኛ አክብሮት ነው። ኪታ ውስጥ ግን አስተማሪዋ የነገረቻችሁ “ይህ ልጅ ለውዝ ከበላ ጉሮሮው ያብጣል” የሚል ሊሆን ይችላል። “አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ” ማለት የአዋቂ ሰው ሥራ ነው፤ ማንም አይንቃችሁም። እንዲያውም የሚጠይቅ በጎ ፈቃደኛን ነው ሠራተኞቹ ቶሎ የሚያምኑት። ወዳጅነትም ከዚያ እምነት ይበቅላል።

ስህተታችሁንም ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። “ልጆቹን ያለ ኮፍያ አውጥተሃቸዋል፣ ትክክል አይደለም” ሲሉ ቁጣ የለበትም፤ ነገሩን ተናግረው ወዲያው ስለ ቅዳሜ ዕቅድ ያወራሉ። ሌሊቱን ሙሉ አታብሰልስሉት። ሰዓትንም ጠብቁ፤ 8:30 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ በዚያች ደቂቃ ኮታችሁን ሰቅላችሁ መገኘት ማለት ነው። ጀርመን ቶሎ ወዳጅ የሚያደርገው በሰዓቱ የሚገኘውን ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

“አንተ” እና “እርስዎ” የመለየቱ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በብዙ ኪታዎች ሠራተኞች እርስ በርሳቸው አንተ፣ አንቺ ይባባላሉ፤ ልጆችም አስተማሪያቸውን በስሟ ይጠራሉ። ወላጆችን ግን እነሱ አንተ በለኝ እስኪሉ ድረስ በአክብሮት አናግሩ። ዕድሜ የገፋች ኃላፊን በስሟ መጥራት መጀመሪያ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ቢሆንም እሷ ፈቅዳ ከሆነ ጥሯት።

ከልጆቹ ጋር

የኪታው ቀን ዓይነተኛ ቅርጽ አለው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የኮት መስቀያ አለው፤ ማንበብ ስለማይችል በስሙ ፈንታ የዓሣ ወይም የመኪና ሥዕል ተለጥፎበታል። ከዚያ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ መዘመር፣ ማን እንደቀረ መቁጠር። ከዚያ ጨዋታ፣ ምሳ፣ ለትንንሾቹ እንቅልፍ፣ እንደገና ጨዋታ። ዝናብም ቢሆን ወደ ውጭ ይወጣሉ። ለዚሁ የሚሆን ውኃ የማያስገባ የጭቃ ሱሪ አላቸው፤ ለሃያ ልጆች ያንን ሱሪ ማልበስ ከባድ ሥራ ነው፤ አዲሱ በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በዚያ ነው። ለራሳችሁም ቡትስና የዝናብ ልብስ ከመግዛት አትቆጠቡ። በርዶት ጥግ የሚቆም አዋቂና ጭቃ ውስጥ የሚደሰት ልጅ አይግባቡም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆችን አትሽቀዳደሟቸው። ጀርመን ውስጥ አንድ ሕፃን ኪታ ሲጀምር እናቱ ወይም አባቱ አብረውት ክፍል ውስጥ ቀናት ይቀመጣሉ። በበርሊኑ አሠራር ቢያንስ ለሦስት ቀን ያህል ልጁን ለብቻው ለመተው እንኳ አይሞከርም። ሕፃኑ አዲሷን አስተማሪ በራሱ ጊዜ እስኪጠጋት ይጠበቃል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ምንጣፍ ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡና እጃችሁ ላይ አንድ ነገር ያዙ፤ ብሎክ ደርድሩ፣ ሥዕል ሳሉ። ልጅ ወደ ሥራ ይሳባል። አንዱ መጥቶ አጠገባችሁ ይቀመጣል፣ አንድ ብሎክ ይጨምራል፣ በማግሥቱ ስማችሁን አጣምሞ ይጠራል። የዚያን ቀን ደስታ በጉልበት የሚመጣ አይደለም።

እኛ ልጅን የምንወድበት መንገድ እዚያ የማይፈቀድባቸው ነገሮች አሉ፤ አንድ በአንድ ልናገራቸው። ሕፃን ጉንጩን አገላብጦ መሳም አይቻልም። ጉርሻም አይቻልም፤ በጤና ምክንያትም፣ በአለርጂም፣ በሃይማኖትም። ከረሜላ በኪስ ይዞ ማደል አይቻልም። ልጅ ራሱ እቅፋችሁ ውስጥ ከገባ እቀፉት፣ ሲወርድ ልቀቁት። ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ዳይፐር መቀየርንና መጸዳጃ ቤት መውሰድን በተመለከተ የኪታው ደንብ ምን እንደሚል በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ልጆቹ የሰው ልጆች ናቸው፣ የወላጅ ፈቃድ ሳይኖር ምስላቸው የትም አይሄድም። ለቤተሰብ የሚላክ ፎቶ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ጭቃ የነካው ቡትስ አንሡ።

ከሁሉ የጠነከረው ደንብ ይህ ነው፦ ቁንጥጫ፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ ማስፈራራት የለም። ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጀርመን ሕግ ልጅ ያለ ጥቃት የማደግ መብት እንዳለው በግልጽ ደንግጓል። እኛ ብዙዎቻችን በቁንጥጫ ያደግን ነንና እጃችን ሳናስበው ሊሄድ ይችላል። ልጅ ሲያስቸግር ድምፅን ዝቅ ማድረግን፣ ዓይኑ ትይዩ መንበርከክን፣ ሁለት ምርጫ መስጠትን ከአስተማሪዎቹ አይታችሁ ቅዱ። ከዚያ ዓመት ይዛችሁ ከምትመለሱት ሙያ ሁሉ ይህኛው ለራሳችሁ ልጆችም ይተርፋል።

ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄድ ብዙ ነገር አለ፤ ባዶ እጃችሁን እንደሄዳችሁ አታስቡ። ሁለት ባለ ስድስት የእንቁላል ካርቶን ጎን ለጎን ብትለጥፉ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ ይሆናል፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ሲጫወቱበት መቁጠርም ይማራሉ። ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ግን ጠጠሩን ሊውጡት ስለሚችሉ ከእነሱ ፊት አርቁት። የተረት መጀመሪያችንን ጥሪና መልስ በአማርኛ አስተምሯቸው፤ ትርጉሙን ሳያውቁት ይጮኹታል፣ ቤታቸውም ይዘውት ይሄዳሉ። ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ሥዕል አስልዋቸውና ልጆቹ እንደ እኛ አገር ወንዶች ልጆች ሥዕሉን ለጎረቤት ክፍል ያድሉ። ድፎ ዳቦ ለመጋገር ካሰባችሁ ኃላፊዋን ጠይቁና የእቃዎቹን ዝርዝር ለወላጆች አሳውቁ። ወላጆች የሚያናግሯችሁ በእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ “ልጄ ቤት ውስጥ አንድ የማይገባን ቃል ትናገራለች” ብለው ይመጣሉ፤ ከዚያ እሑድ ቡና ይጋብዟችኋል።

ልጅ ቆዳችሁን ነክቶ “ይለቃል?” ሊላችሁ ይችላል፤ ፀጉራችሁን ሊጎትት ይችላል። በረጋ ድምፅ “አይለቅም፣ የተወለድኩት እንዲህ ሆኜ ነው፣ አንተም እንደዚህ ሆነህ ተወለድክ” በሉትና ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ፀጉራችሁ እንዳይነካ ከፈለጋችሁ “አልወድም” በሉ፤ ገላ የራስ መሆኑን ልጁ ከዚያ ይማራል። ከአዋቂ የሚመጣ ንቀት ግን ሌላ ነው። ትራም ውስጥም ሆነ ሥራ ቦታ የዘር ስድብ ወይም መገለል ከደረሰባችሁ ውጣችሁት አትደሩ፤ ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ትሬገራችሁ ውስጥ እናንተን ለሚከታተለው ሰው ንገሩ። እሱ ለዚሁ ነው የተመደበው። ቦታ መቀየር ካስፈለገም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከሥራ በኋላ ወዳጅ የሚገኝበት

መጀመሪያ ሴሚናሩ። ከተለያዩ ኪታዎች፣ ሆስፒታሎችና መጦሪያዎች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ለቀናት አንድ ቤት ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ አብረው ያበስላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይከራከራሉ። ሁሉም እንደ እናንተ አዲስ ነው፣ ሁሉም የኪስ ገንዘቡ ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ሴሚናር ስልክ ተለዋወጡና ሳትለያዩ ቀጣዩን ቀጠሮ ያዙ፤ “አንድ ቀን እንገናኛለን” ማለት እዚያ ቀጠሮ አይደለም። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተናገሩ።

የጀርመን ሰው ሳይደውል ቤት አይመጣም፤ እናንተም ሳትደውሉ አትሂዱ። ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሰጣችሁ ማግለል አይደለም፣ ማስታወሻው ላይ ቦታ ሰጥቷችሁ ነው። አንዴ የያዘውን ቀጠሮ ደግሞ አይሰርዝም። ሲጋብዟችሁ በሰዓቱ፣ አበባ ወይም ትንሽ ኬክ ይዛችሁ ሂዱ። ካፌ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል፤ “ሒሳቡን እኔ” የሚለው ትግላችን እዚያ ሰውን ያሳቅቃል። የልደት ቀናችሁ ሲሆን ኬኩን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ፤ የሌላውን ልደት ደግሞ ከቀኑ አስቀድማችሁ “እንኳን አደረሰህ” አትበሉ፣ መጥፎ ገድ ነው ይላሉ።

ፌራይን የሚባሉትን ማኅበራት አጥብቄ እመክራለሁ። እግር ኳስ፣ ሩጫ፣ መዘምራን፣ ቼዝ፣ እሳት አደጋ ሳይቀር፤ ትንሽ መንደርም ቢሆን አንድ ሁለት ማኅበር አይጠፋውም። የአባልነት ክፍያው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ለበጎ ፈቃደኞች ቅናሽ ካለ ጠይቁ። ማክሰኞ ማታ ልምምድ ከሆነ በየማክሰኞው ተገኙ። መጀመሪያ ላይ ሰላምታ ብቻ ይሆናል። ቆይቶ አንዱ ለምን ባለፈው ሳምንት እንደቀራችሁ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ገብታችኋል ማለት ነው። እዚያ አገር ወዳጅነት የሚገነባው በመመላለስ ነው። አምስት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመሄድ አንድ ቦታ ሳይታክቱ መሄድ ይበልጣል። ፎልክስሆኽሹለ የሚባሉት የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም የማታ ቋንቋና የእጅ ሥራ ኮርስ አላቸው።

ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ በርሊን፣ ሙኒክ ለመሰሉ ከተሞች ቅርብ ከሆናችሁ ሐበሻ አታጡም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ እድሩም፣ ምግብ ቤቱም አለ። አንዳንዱ “ቋንቋ እንድለምድ ከሐበሻ እርቃለሁ” ይላል፤ እኔ አልስማማም። በአማርኛ አልቅሶ፣ በአማርኛ ስቆ፣ ሽሮ በልቶ የመጣ ሰው ሰኞ ጀርመንኛውን በተሻለ ጉልበት ይናገራል። ነገር ግን የሳምንቱ ሁሉ ማታ እዚያ ካለቀ ኪታው ውስጥ እንግዳ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። እሑድን ለወገን፣ ሁለት ማታ ደግሞ ለፌራይንና ለሴሚናር ወዳጆች ብትመድቡ ጥሩ ነው። ወረቀታችሁን ጥላችሁ ጥፉ የሚል ምክር ከሰማችሁ ግን ከመካሪው ራቁ። ዓመቱን ጨርሶ በሕጋዊ መንገድ የአስተማሪነት ሙያ ሥልጠና ማመልከት ይቻላል፤ ጀርመን የኪታ ባለሙያ እጥረት አለባት።

ከኅዳር እስከ የካቲት

ብርዱን ልብስ ያሸንፈዋል፤ ጨለማው ነው የሚያስቸግረው። በታኅሣሥ በርሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ነው። ከሥራ ስትወጡ ሌሊት የሆነ ይመስላችኋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል፣ ስልክ ይዞ አልጋ ውስጥ መቅረት ያምራችኋል። በመስከረምና በጥቅምት፣ ቀኑ ሳያጥር፣ የማታ ፕሮግራማችሁን አስይዙ፤ በኅዳር አዲስ ነገር ለመጀመር ጉልበት አይኖርም። ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ውጭ መውጣቱ እናንተንም ይጠቅማል፤ የቀኑን ብርሃን ያኔ ታገኛላችሁ።

ልጆች ጨለማውን የሚሻገሩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ተከተሏቸው። ኅዳር 11 (በእነሱ አቆጣጠር) የቅዱስ ማርቲን በዓል ነው። ሮማዊው ወታደር ማርቲን ካባውን በሰይፍ ቆርጦ ግማሹን ብርድ ለመታው ለማኝ የሰጠበት ታሪክ ይተረካል። ልጆች ለሳምንታት በወረቀት ፋኖስ ሲሠሩ ሰንብተው፣ ማታ ከወላጆቻቸው ጋር እየዘመሩ በመንገድ ይሄዳሉ፤ በብዙ ከተሞች ፈረስ ላይ የተቀመጠ ማርቲን ይመራቸዋል። የማታ ሥራ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ወላጆች፣ ሠራተኞችና ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ላይ የሚቆሙበት ማታ ስለሆነ ከወራት ሰላምታ በላይ ያቀራርባል። ታኅሣሥ 6 ደግሞ ኒኮላውስ ነው፤ በዋዜማው ማታ ያስቀመጡት ጫማ ውስጥ ጠዋት ለውዝና ቸኮሌት ያገኛሉ።

ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው የታኅሣሥ 24 ማታ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሁሉም ቤተሰቡ ጋር ይገባል፣ ኪታውም ብዙ ጊዜ እስከ አዲስ ዓመት ዝግ ነው። ያን ማታ የት እንደምትሆኑ በኅዳር ውስጥ ወስኑ። ለባልደረባ “ገና ላይ ብቻዬን ነኝ” ብሎ መናገር ልመና አይደለም፤ ብዙዎች አለማወቃቸው ነው እንጂ ሲያውቁ ይጋብዛሉ። ካልሆነም የሴሚናር ጓደኞቻችሁ ውስጥ አገሩ የራቀበት ሌላ ሰው አለ፤ አብራችሁ አብስሉ። ምግቡን ግን ቀድማችሁ ግዙ። የእኛ ገና በእነሱ አቆጣጠር ጥር 7 ላይ ሲውል እዚያ ብዙውን ጊዜ የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ ጠይቁና ያን ቀን በተራችሁ እናንተ ጋብዙ። ክፍላችሁ ጠባብ ቢሆንም ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል። ቡናውን ቁሉት፤ ጭሱ ግን የእሳት ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኽ መስኮት ክፈቱ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ጎረቤት ፀጥታውን በሕግ ይጠይቃል።

መሰናበት

አገልግሎቱ ሊያልቅ ሲል ልጆቹን በመጨረሻው ቀን ድንገት አትለዩአቸው። ጥቂት ሳምንታት አስቀድማችሁ፣ ክቡ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በቀላል ቃል ንገሯቸው። ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀናት የሚያሳይ ወረቀት ብትለጥፉና በየቀኑ አንዱ ልጅ አንድ ቢያነሣ የአራት ዓመት ልጅም ጊዜውን ይረዳዋል። የማትፈጽሙትን “ተመልሼ እመጣለሁ” አትበሉ፤ ልጅ ይጠብቃል። ለእነሱ የምትተዉት የሠራችሁትን ገበጣ ወይም ያስተማራችሁትን ጨዋታ ይሁን። የሚያለቅስ ልጅ ቢኖር “አታልቅስ” አትበሉት፤ አስተማሪዋ አጠገቡ ትሁን፣ እናንተም አብራችሁት ተቀመጡ። ከአዋቂዎቹም እያንዳንዱን ለየብቻ አመስግኑ፤ በእጅ የተጻፈ ካርድ እዚያ ከስጦታ ይበልጣል።

አንድ ሥራ ደግሞ ይቀራችኋል። ከእናንተ በኋላ ወደዚያው ኪታ፣ ወደዚያው ክፍል የሚመጣ ሰው አለ። የልጆችን ስምና የቤት ጉዳይ ሳትጠቅሱ አንድ ሁለት ገጽ ጻፉለት፦ የትኛው አውቶቡስ ጠዋት እንደሚዘገይ፣ ርካሹ የጭቃ ቡትስ የት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ፌራይን አዲስ ሰው በደንብ እንደሚቀበል፣ የትኛዋ ባልደረባ ገና ላይ ቤቷን እንደምትከፍት። ስልካችሁንም አስቀምጡለት፤ በሁለተኛው ወር ላይ ሲደውል አንሡለት።